ጭብጨባው ይቅር፤ አዳራሹ ይከፈት

በአገራችን ሰውን በቁሙ አክብሮ የመቅበር ዘዴ አለ። «ስማችንን በዓለም ያስጠራ» ተብሎ ይጻፍለታል። ፎቶግራፉ በትልቁ ይወጣለታል፤ የተቀበላቸው ሽልማቶች እንደ ዳዊት መዝሙር በተርታ ይቆጠሩለታል። ከዚያ በኋላ ሥራውን ማየትም ሆነ መመርመር አያስፈልግም። ስሙ ይበቃል! በፊልሙ ዓለም ይህ ዕጣ ከደረሰባቸው ወገኖቻችን ሁሉ የኃይሌ ገሪማን ያህል በጭብጨባ የተቀበረ የለም ብዬ እከራከራለሁ።

የሚጠራጠር አንባቢ ቢኖር ቀላል ፈተና አለው። እዚሁ ሀዋሳ፣ ከሐይቁ ዳር ተቀምጠው ስለ ፊልም የሚያወጉ ወጣቶችን ይጠይቅ። «ኃይሌ ገሪማን ታውቁታላችሁ?» ቢላቸው «እንዴታ!» ይሉታል። «ጤዛ»ን ይጠሩለታል፤ ሽልማቱንም አይረሱም። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያያችሁ እጃችሁን አውጡ ቢል ግን ጭጭ! እኔ ይህን ጥያቄ በየአጋጣሚው ጠይቄያለሁ። የወጡትን እጆች ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣቶች ተርፈውኛል።

በልጆቹ አልፈርድም። የት ይዩት? ማን አሳያቸውና! ፍርዴ የሚያርፈው የሰውየውን ዋንጫ ቆጥረው ትምህርቱን በደበቁት ላይ ነው። የኃይሌ ገሪማ የሥራ ዘመን ለእኛ የሚጠቅመው አንድ ቁም ነገር ስላለው ነው፤ እሱም የዋንጫ ጉዳይ አይደለም። ታሪክህን ራስህ ጽፈህ፣ ራስህ ቀርጸህ፣ ቅጂውን በእጅህ ይዘህ፣ በር ሲዘጋብህ አዳራሽ ተከራይተህ ለሕዝብህ ማሳየት እንደሚቻል በሃምሳ ዓመት ሥራ ያስመሰከረ ሰው ነው። ይህን ትምህርት ከማንም በላይ የሚፈልገው ደግሞ ከአዲስ አበባ ርቆ፣ ካሜራውን ታቅፎ «ማን ያሳይልኛል?» እያለ የሚቆዝመው የሀዋሳ ወጣት ነው።

ሰውየውን ለማያውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1946 ጎንደር ተወለደ። አባቱ አቶ ገሪማ ታፈረ መምህርና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን የአርበኞች ታሪክ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ልጁ መድረክን ያወቀው በአባቱ ተውኔቶች ነው። ሲኒማን ያወቀው ግን እንደ ብዙዎቻችን በባዕድ ፊልም ነበር። ልጅ ሳለ ታርዛንን ሲያይ ለታርዛን ይጮህ እንደነበር፣ ጦር ይዘው የሚመጡት ጥቁሮች እሱን ራሱን እንደሚመስሉ ልብ እንዳላለ ደጋግሞ ተናግሯል። የሥራ ዘመኑን በሙሉ ለዚያ የልጅነት ጩኸት እንደተሰጠ መልስ አድርጎ ማየት ይቻላል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ በሚገኘው ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ሊማር አሜሪካ ገባ። በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግሮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም መማር ጀመረ። እዚያ የጠበቁት እንደ እሱ ከሆሊውድ ደጅ ውጭ የቆሙ ጥቁር ተማሪዎች ነበሩ፤ ቻርልስ በርኔት፣ ላሪ ክላርክ፣ ቢሊ ዉድቤሪ፣ ጁሊ ዳሽ እና ሌሎችም። አንዱ ለአንዱ ካሜራ ይይዛል፤ አንዱ በሌላው ፊልም ላይ ይሠራል። የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ትውልድ ዛሬ «የሎስ አንጀለስ አመፅ» ይሉታል። እኔ የአማርኛ ስም ላውጣለት ብባል «ደቦ» እለዋለሁ። አዝመራውን ብቻውን መሰብሰብ የማይችል ገበሬ ጎረቤቱን እንደሚጠራ ሁሉ እነሱም ተጠራሩ።

የዚያ ደቦ አንዱ ፍሬ በ1975 የተሠራው «ቡሽ ማማ» ነው። ዋትስ በተባለው የድሆች ሠፈር የምትኖር፣ ባሏ የታሠረባት፣ የመንግሥት ድጎማ እየተቀበለች ልጅ የምታሳድግ ዶሮቲ የተባለች ሴት ታሪክ ነው። ከቀራጮቹ አንዱ ቻርልስ በርኔት ነበር። የፊልሙ መክፈቻ ላይ ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። እነዚያ ፖሊሶች ተዋናዮች አይደሉም። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ራሱ ነው፤ የሚፈተሹትም የኃይሌ የራሱ የቀረጻ ባልደረቦች ናቸው። ካሜራ የያዘ ጥቁር ሰው ሌባ መስሎ ስለታያቸው አስቆሟቸው። ኃይሌ ምን አደረገ? አቤቱታ ጽፎ አልተቀመጠም። የተቀረጸውን ወስዶ የፊልሙ መግቢያ አደረገው! የደረሰበትን በደል ወደ ሥራው የቀየረበትን ይህን መንገድ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያው ሰሞን ወደ አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሠራ። ጊዜውን ማስታወስ ያሻል፤ 1974 ነው፤ ንጉሡ የሚወርዱበት፣ አገር የምትናጥበት ዓመት። በሁለት ሳምንት ቀረጻ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን፣ በአማርኛ ተሠራ። አንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ያርሳል፤ ባላባቱ ኮትና ባርኔጣውን ለብሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይቆጣጠራል። መሬቱን የተነጠቀውና አገሬው እብድ የሚለው ከበበ እየዞረ እውነቱን ይናገራል። በመጨረሻም በትር ያነሳል። ፊልሙ የሁለት ሰዓት ተኩል ርዝመት አለው። በሬው ሲያርስ በበሬው እርምጃ ልክ ያሳየናል፤ ሴቶቹ ሲፈጩ መፍጨቱ የሚወስደውን ጊዜ አይሰርቀንም።

ልብ በሉ! ይህን የሠራው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ነው። እንግሊዝኛ ቢያናግራቸው፣ አንድ ነጭ ዶክተር ወይም ሚስዮናዊ ጣል ቢያደርግበት ገበያው ይሰፋለት ነበር። አላደረገውም። ገበሬው በገበሬ አማርኛ ተናገረ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ታዋቂው የፊልም አዘጋጅ ማርቲን ስኮርሴዚ ያቋቋመው የፊልም ፋውንዴሽንና የቦሎኛ የፊልም ቤተ መዛግብት ይህንኑ ፊልም ከመበላሸት አድነው አደሱት። ጣሊያኖች ያደሱልንን ፊልም እኛ ገና ቁጭ ብለን አላየነውም! ይህ ካላሳፈረ ምን ያሳፍራል?

አሁን ወደ ክርክሬ እምብርት ልግባ። የኃይሌ ገሪማ የሥራ ዘመን ማዕከል «ሳንኮፋ» ነው። የዛሬ ዘመን ሞዴል የሆነች ጥቁር አሜሪካዊት በጋና የባሕር ዳርቻ ባለው የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶግራፍ ስትነሳ፣ መንፈስ ወስዶ የአያቶቿ የባርነት እርሻ ላይ ይጥላታል። ቃሉ የጋናዎቹ የአካን ሕዝቦች ነው፤ «ተመለስና የተውከውን አንሣ» እንደማለት ነው። ገንዘቡን ከዚህም ከዚያም ለማሰባሰብ ዓመታት ፈጀ። በ1993 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ከበርሊን በኋላ የአሜሪካ አከፋፋዮች በር ላይ ደረሰ፤ በሩ ተዘጋ። ባሮቹ የሚያምፁበትን፣ ነጭ አዳኝ የሌለበትን ታሪክ «ተመልካች የለውም» አሉት።

ብዙዎቻችን ይህን ጊዜ ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ቃለ መጠይቅ እንሰጣለን፤ «ኪነ ጥበብ በዚህች አገር አይከበርም» እንላለን፤ እናለቅሳለን። ኃይሌና ባለቤቱ፣ እሷም ፊልም ሠሪ የሆነችው ሺሪኪያና አይና፣ ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራዩ። ወሬውን በሠፈሩ፣ በማኅበሩ፣ በሰው አፍ አዳረሱት። ሰው ተሰለፈ። ፊልሙ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሞልቶ ታየ። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ፤ እንደገና አዳራሽ ኪራይ፣ እንደገና የሠፈር ሰው፣ እንደገና ሰልፍ። «ተመልካች የለውም» የተባለው ፊልም ተመልካቹን በእግሩ ሄዶ አገኘው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ደግሞ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ በፊልሙ ስም የተሰየመ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። አላፊ አግዳሚው መጽሐፍ የሚገዛበት፣ ቡና የሚጠጣበት፣ ፊልም የሚወያይበት ቤት ሆነ።

ሃያ ስምንት ዓመት አለፈ። በ2021 «ሳንኮፋ» ታድሶ በአቫ ዱቨርኔ ድርጅት በአሬይ በኩል በኔትፍሊክስ ለዓለም ቀረበ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ሙዚየም ሲመረቅ የመጀመሪያውን የቫንቴጅ ሽልማት ለኃይሌ ሰጠ። የእኛ ዜናዎች ሽልማቱን አራገቡት። ከዜናው የጠፋው ግን ዋናው ነገር ነበር፤ እነዚያን ዓመታት ሁሉ ፊልሙን በገዛ እጁ ይዞ መቆየቱ! በ1993 ተስፋ ቆርጦ ለመጀመሪያው ጠያቂ በርካሽ ሸጦት ቢሆን ኖሮ በየትኛው መጋዘን አቧራ ጠጥቶ ይቀር እንደነበር ማን ያውቃል?

«ጤዛ»ም የዚሁ ትዕግሥት ልጅ ነው። በጀርመን ሕክምና የተማረው አንበርብር ለአገሩ ሊሠራ ይመለሳል፤ የደርግ ዘመን ጓደኛውን ይበላበታል፤ በጀርመን ደግሞ ዘረኞች አካሉን ያጎድሉታል፤ በመጨረሻ ጣና ዳር ወዳለው የእናቱ ቤት ይገባል። ይህን ፊልም ከሐሳብ ወደ ሸራ ለማድረስ አሥራ አራት ዓመት ፈጅቷል። የኢትዮጵያው ክፍል ከተቀረጸ በኋላ የጀርመኑ ክፍል ገንዘብ እስኪገኝ መጠበቅ ግድ ነበር። በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን አገኘ። በዚያው ዓመት በካርታዥ፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወሰደ። ሽልማት ቆጣሪው እዚህ ላይ ያጨበጭባል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሽልማቱን ያመጣው ምንድን ነው? ያ የአሥራ አራት ዓመት እንቢታ አይደለምን? ድርሰቱን ላለመቀየር፣ አንበርብርን ላለማሳመር፣ የሠራውን በችኮላ ላለመሸጥ «እንቢ» ማለት።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ።

አንደኛው «እሱማ አሜሪካ ነበረለት» የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ አልክድም። ከ1975 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ ደመወዝ ነበረው፤ እንጀራው በፊልሙ ሽያጭ ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም። ግን ይህ የእኔን ክርክር ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም። አሜሪካ የሰጠችው የማስተማር ሥራ ነው እንጂ ፊልም አይደለም። ፊልሙን ለማሳየት ሲመጣማ አሜሪካ በሯን ዘጋች። እኛስ ጋ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ፣ በትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ ፎቶ ቤት ያለው ልጅ የለም? አለ። እንጀራውን ከዚያ እያገኘ ፊልሙን ያለጥድፊያ ሊሠራ ይችላል። ከሰው ትከሻ ሳይወርዱ «ነፃ ፊልም ሠሪ» መባል ግን የለም።

ሁለተኛው «የኃይሌ ፊልም ይከብዳል፤ ሕዝቡ መዝናኛ ይፈልጋል» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች ሕዝቡን ጠይቀው አያውቁም። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ከተከፈተ ወዲህ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ በመቶ በሚቆጠር ክፍል ያየ ሕዝብ፣ የራሱን አያት ታሪክ ሁለት ሰዓት ተኩል መታገሥ ያቅተዋል? እኔ እንኳን ኃይሌን ያለ ነቀፌታ የማይ ሰው አይደለሁም። በ1982 በሠራው የቬትናም ዘማች ታሪክ፣ በ«ጤዛ»ም አንዳንድ ቦታ ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርስ መነጋገር ትተው ለጉባኤ የሚናገሩ ይመስለኛል። አንድ ሰው በአንድ ፊልም የሃምሳ ዓመት ታሪክ ሊሸከም ሲሞክር ትከሻው ይጎብጣል። ግን እንዲህ ያለ ነቀፌታ የማቅረብ መብት ያለው ያየ ሰው ነው። ሳያዩ «ይከብዳል» ማለት ሳይቀምሱ «ጨው በዛው» እንደማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ከተማዬ ልመለስ፤ ጎንደርና ዋሽንግተን የዞርኩት ለዚሁ ነው።

ሀዋሳ የስብሰባ ከተማ ናት። ከየክልሉ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ፣ ከየድርጅቱ ሰው ለዓውደ ጥናትና ለሥልጠና የሚጎርፍባት ከተማ ናት። በዚህ የተነሣ አዳራሽ በአዳራሽ ሆናለች። ትልልቆቹ ሆቴሎች ሁሉ አዳራሽ አላቸው፤ ፕሮጀክተር አላቸው፤ ነጭ ሸራ አላቸው፤ የድምፅ ማጉያ አላቸው። በእነዚያ ሸራዎች ላይ ቀን ቀን የሥልጠና ጽሑፍ ይታያል። ቅዳሜ ደግሞ ሠርግ ይደገስባቸዋል። በሌሎቹ ምሽቶች ብዙዎቹ ተቆልፈው ያድራሉ። ታዲያ በዚህች ከተማ «ፊልም ማሳያ ቦታ የለንም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ አልስቅ አላለቅስ ይሆንብኛል። ኃይሌ በዋሽንግተን ያደረገውን ለማድረግ ከሀዋሳ የተሻለ ከተማ በካርታ ላይ ፈልጉልኝ!

አንድ የማውቀው ወጣት አለ፤ ስሙን አልጽፍም። አሞራ ገደል ከሚውሉት ዓሣ አጥማጆች ጋር ብዙ ወራት አሳልፎ አጭር ፊልም ሠራ። ሰዎቹ ሌሊት መረባቸውን ሲጥሉ፣ ጎሕ ሲቀድ ከአሞሮቹ ጋር እየተሻሙ ዓሣውን ሲያወጡ፣ አንዱ አባት ልጁን «ሐይቁ እያነሰው ነው፤ አንተ ሌላ ሥራ ፈልግ» ሲለው ያሳያል። ሰዎቹ የሚናገሩት በሲዳምኛ ነው። ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ ገብቶበታል። ልጁ ሥራውን ይዞ አዲስ አበባ ወጣና አንድ ፊልም የሚያከፋፍል ሰው ቢሮ ደረሰ። የተሰጠው ምክር ሦስት ነገር ነበር፤ ቋንቋውን ወደ አማርኛ ቀይር፣ ታዋቂ ተዋናይ አስገባበት፣ ትንሽ ፍቅር ጨምርበት። ልጁ ተመለሰ፤ ፊልሙ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተኛ። አሁን ሠርግ ይቀርጻል። በሠርጉ ሥራ ላይ ነውር የለበትም፤ ከላይ እንዳልኩት እንጀራ ነው። ነውሩ ያለው ፊልሙ መተኛቱ ላይ ነው።

ለዚህ ልጅ የምነግረው ያንን የ«ቡሽ ማማ» መክፈቻ ነው። በደሉን ወደ ሥራህ አስገባው! «ቋንቋህን ቀይር» ያሉህን ቃል ራሱን የፊልምህ ማስታወቂያ አድርገው፤ «ቋንቋውን ቀይር የተባለ ፊልም፣ በራሱ ቋንቋ፣ ቅዳሜ በ12 ሰዓት» ብለህ በየባጃጁ ለጥፍ። በ2020 የሲዳማ ክልል ሲመሠረት ስለ ቋንቋና ባህል ስንት ንግግር ተደረገ! የፊቼ ጨምባላላ በዓል በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ ሲገባ ስንት ጭብጨባ ተሰማ! ያ ሁሉ ጭብጨባ አንድ በሲዳምኛ የተሠራ አጭር ፊልም ለማሳየት አንድ አዳራሽ ለአንድ ምሽት ካላስከፈተ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? ኃይሌ ገበሬውን በገበሬ አማርኛ አናግሮ ዓለም የሰማው፣ ዓሣ አጥማጁ በሲዳምኛ ቢናገር የማይሰማው በምን ሒሳብ ነው?

ፊልም ሠሪዎቻችንንም ዝም ብዬ አላልፋቸውም። አንደኛው ጥፋታቸው ብቸኝነታቸው ነው። አምስት ካሜራ ያላቸው አምስት ልጆች በአንድ ከተማ እየኖሩ አንዱ የሌላውን ሥራ አያውቅም፤ ቢያውቅም ያማዋል። በርኔት ለኃይሌ ካሜራ ባይዝ ኖሮ «ቡሽ ማማ» እንዴት ይቀረጽ ነበር? ሁለተኛው ጥፋታቸው ውል አለማንበባቸው ነው። ሁለት ዓመት የለፉበትን ፊልም ለአንድ የዩቲዩብ ቻናል ለአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ለዘለዓለም፣ ያለ ገደብ ፈርመው ይሰጣሉ። ያ ገንዘብ የሚበቃው ለኪራይ ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ሚሊዮን ጊዜ ቢታይ ለእነሱ ወሬው ብቻ ይደርሳቸዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ እንኳ በእኛው አቆጣጠር ነው) ለፈጠራ ሰው መብት ሰጥቷል። መብቱን በገዛ ፊርማህ አሳልፈህ ከሰጠህ በኋላ ግን አዋጁ ምን ያድርግልህ? ለጊዜው አከራይ፤ ለዘለዓለም አትሽጥ። የ«ሳንኮፋ» ሃያ ስምንት ዓመት የሚነግረን ይህንን ነው።

ተመልካቹም፣ ማለትም እኔና አንተ አንባቢ፣ ከወቀሳው አናመልጥም። ለዓሣ ጥብስ፣ ለጭማቂ፣ ለኳስ ማሳያ ቤት የምናወጣውን ብር ለከተማችን ልጅ ፊልም ስንጠየቅ «በነፃ ጋብዘኝ» እንላለን። «ወዳጄ ነህ፣ እኔማ እከፍላለሁ?» እንላለን። ወዳጅ ካልከፈለ ማን ይክፈል? የዋሽንግተኑ ሰልፍ የተሠራው በሀብታሞች አልነበረም። ትኬቱን የቆረጠው የሠፈር ሰው ነበር፤ ለራሱ ታሪክ የከፈለ የሠፈር ሰው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላልና የሚጨበጥ ነው። የከተማው አስተዳደር በስሩ ካሉት አዳራሾች አንዱን በወር አንድ ምሽት ለከተማው ፊልም ሠሪዎች በነፃ ይክፈት። ገንዘብ አልጠየቅንም፤ ቁልፍ ነው የጠየቅነው። ሆቴሎቹ ባዶ የሚያድረውን አዳራሻቸውን በቀነሰ ኪራይ ይስጡ፤ የሚመጣው ሰው ሻይ ቡናውን ከእነሱው ይጠጣል። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የታደሰውን የ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ቅጂ በሕጋዊ መንገድ ጠይቆ ለተማሪዎቹና ለከተማው ሰው ያሳይ፤ ካሳየ በኋላም መብራቱን አብርቶ ሰው እንዲከራከርበት ይፍቀድ። ወጣቶቹ ተሰባስበው የመጀመሪያውን ምሽት በከተማቸው ሥራ ይክፈቱት፤ ትኬቱ የአንድ ዓሣ ጥብስ ዋጋ ይሁን፤ ገቢው በግልጽ ይቆጠር፤ ፊልሙ የሠሪው ሆኖ ይቅር።

እኔ በበኩሌ ከሁለት ባልንጀሮቼ ጋር ሆኜ ለመጀመሪያው ምሽት የአዳራሽ ኪራይ ድርሻዬን ለማዋጣት ተስማምቻለሁ። በዓሣ አጥማጆቹ ፊልም እንጀምራለን። ልጁን አግባብተነዋል፤ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ቅጂውን እያስተካከለ ነው። አሁን የጎደለው አዳራሽ ነው፤ ከተማዋ ውስጥ ያለ አዳራሽ፣ ወንበሩ የተደረደረ፣ ሸራው የተሰቀለ፣ ቁልፉ ግን በሰው ኪስ ያለ አዳራሽ። ቁልፉን የያዛችሁ ሰዎች ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ የምታጨበጭቡትን እጅ ወደ ኪሳችሁ ስደዱልን።